የአንጥረኛው ልጅ ቀለበት

ረቡዕ፣ ኅዳር 3 ቀን 2001
ፍኖተ ሰላም

ዛሬ ጤና ጣቢያችን ሦስት እናቶች ወለዱ። ሁለት ሴት፣ አንድ ወንድ። ወንዱ አላለቅስ ብሎ ልቤን ሰቅሎት ቆየና በመጨረሻ ሲጮህ እኔም አብሬው ላለቅስ ምንም አልቀረኝ። እግሬ አብጧል።

ምሳ ሰዓት ላይ ፍቅረኛዬ መልካሙ ከቆጋ ግድብ ደወለ። የመስኖ ቦይ ሲቀይስ ነው የዋለው፤ ነፋሱ ድምፁን እየነጠቀ ግማሹን አልሰማሁም። የሰማሁት ይኸው... እህቱ ፍሬሕይወት ለቀለበታችን ድንጋይ ልትልክ ነው። አልማዝ! እሷ ዱባይ ወርቅ ቤት ሻጭ ናት። “ከምስር ክክ ታንሳለች፤ ግን እውነተኛ ናት” ብላዋለች።

“ቅርጹን የምትመርጪው አንቺ ነሽ” አለኝ። “እንደ ሰው ባሕርይ ነው አሉ የሚመረጠው። ምን ዓይነት ሰው እንደሆንሽ አስቢና ንገሪኝ።”

ስቄ ዘጋሁት። አሁን ግን ሳቁ ጠፋ... ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን የጠየቀኝ የለም።

እሑድ፣ ኅዳር 7

መልካሙ መጣ። ፍሬሕይወት በኢሜይል የላከችውን ወረቀት ባሕር ዳር አሳትሞ፣ እንዳይጨማደድ በፕላስቲክ አድርጎ። ጁስ ቤት ተቀምጠን ሦስታችን አነበብነው፤ እኔ፣ እሱና አምለሰት። አምለሰት አብራኝ ታዋልዳለች፣ አብራኝ ትኖራለች፣ ባል ሳገባም አብራኝ የምትገባ ነው የሚመስላት።

እንግሊዝኛውን ግማሹን በግምት ነው የተረጎምነው። ክብ የምትመርጥ ሴት ወግ አክባሪ ናት፤ ከሁሉ ሰው ጋር ትስማማለች። አራት ማዕዘን የምትመርጥ ደፋር። የእንባ ዘለላ የሚመስለው ለሆደ ቡቡ ነው። ሁለት ጫፉ እንደ ታንኳ የሾለው መታየት ለምትወድ። እንቁላል የመሰለም አለ፣ ልብም አለ። መጨረሻ ላይ ደግሞ አንድ ረዘም ያለ... አራቱም ማዕዘኑ የተቆረጠ፣ ውስጡ እንደ ደረጃ እየወረደ የሚሄድ። እሱ እንደ ሌሎቹ አያብለጨልጭም ይላል ወረቀቱ። ጉድፍ ካለበት ወዲያው ይታያል። ስለዚህ የሚስማማው ቀጥተኛ ለሆነች፣ ነገር ለማትደብቅ ሴት ነው።

“አንቺማ ልብ ነሽ፣ ምን ጥያቄ አለው!” አለች አምለሰት።

መልካሙ ትንሽ እንኳ ሳያስብ “ክብ” አለ። “ካንቺ ጋር የተጣላ ሰው አይቼ አላውቅም።”

እኔ ዓይኔ ያረፈው ረጅሙ ላይ ነው። አልተናገርኩም። ለምን አልተናገርኩም?

እሑድ፣ ኅዳር 14
ቡሬ

ዛሬ አባዬ ዘንድ ነኝ። ከቤታችን ጀርባ ካለችው የቆርቆሮ ክፍሉ አይወጣም፤ እሑድም ቢሆን ወደ ሥራው ገብቶ መቀመጥ ይወዳል። ወረቀቱን አሳየሁት። እጁን በሽርጡ ጠርጎ፣ ወደ በሩ ብርሃን አስጠግቶ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አየ። አርባ ዓመት ወርቅና ብር ሲያቀልጥ ኖሮ አልማዝ በእጁ ነክቶ አያውቅም።

“ጽሑፉ ምን ይላል?”

አነበብኩለት። ደፋር፣ ሆደ ቡቡ፣ ወግ አክባሪ...

“ስለ ሴትየዋ ብዙ አወራ” አለ። “ስለ እጇ ግን ምንም አላለም። ቀለበቱ የሚኖረው እጅ ላይ አይደል? ያንቺ እጅ ምን ሲሠራ ይውላል?”

“ጓንት ያጠልቃል። ያወልቃል። ይታጠባል። እንደገና ጓንት።”

“በቀን ስንቴ?”

“ሃያ... አንዳንድ ቀን ሠላሳ።”

እጄን ይዞ አገላበጠው። በሳሙና ብዛት ቆዳዬ ተሰነጣጥቋል። አውራ ጣቱን ስንጥቁ ላይ አሳለፈው፤ የእሱ ጣት ከእኔ የባሰ ሻካራ ነው። ከዚያ ወደ ወረቀቱ ተመለሰ።

“እነዚህ ሥዕሎች ላይ ድንጋዩን የያዘው እንደ ጥፍር ያለ ነገር ነው። ጥፍሩ ጓንትሽን ይቀደዋል። ጓንት ሲቀደድ ደግሞ የሰው ደም ይገባል። ይሄን ወረቀቱ አያውቅም።” ከዚያ እንደ ዋዛ አድርጎ “ድንጋዩ ወርቁ ላይ የሚታሰረው የት ነው? እዚያው ዱባይ?” አለኝ።

“ድንጋዩ ብቻ ነው የሚመጣው።”

“እንግዲያው እኔ ነኛ!”

እንዲህ ሲስቅ ካየሁት ቆይቷል። እማዬ ካረፈች ወዲህ እንጃ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 5

አባዬ በሚኒባስ ሹፌር እጅ ሁለት የብር ቀለበት ላከልኝ። የተሰበረ ጠርሙስ ሞርዶ ነው ፈርጥ ያደረገላቸው። አንዱ አራት ማዕዘን፣ በጥፍር የተያዘ። ሌላው ረጅሙ፣ ማዕዘኑ የተቆረጠው፣ ዙሪያውን ብር ያቀፈው፣ አንድም ጎልቶ የሚወጣ ነገር የሌለው። “ሳምንት ሳምንት አድርጊያቸውና የሆነውን ንገሪኝ” ብሏል።

ረጅሙን እንዴት አወቀ? ወደድኩት አላልኩትም። ዓይኔን አይቶ ነው መቼም።

ማዋለጃ ክፍል ስገባ ማንኛውንም ቀለበት አወልቃለሁ፤ ሕጉ ነው። የምሞክራቸው በነፍሰ ጡር ምርመራና በክትባት ሰዓት ነው።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 10

አራት ማዕዘኑ እስካሁን ሦስት ጓንት ቀደደ። አንዱን የአንዲት ሴት ሆድ እየለካሁ። “ምነው እቴ፣ ቀለበትሽ ጥርስ አወጣ?” ብላ ሳቀችብኝ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 12

መልካሙ ስለ ሽማግሌ አነሳ። ሰዎቹ አጎቴ ቤት፣ እዚህ ፍኖተ ሰላም ይምጡ ይላል። “መንገዱ እንዲቀላቸው ነው” አለኝ። መንገዱ? ከወላጆቹ አገር ከዱርቤቴ የሚመጣ ሰው እኮ ቡሬን አልፎ ነው እዚህ የሚደርሰው። ይህን ስለው “አጎትሽ ሰፊ ቤት አላቸው” አለ።

ቀለበቱንም ባሕር ዳር ብናሳስረው አይሻልም ወይ አለኝ። አባዬ ነው የሚሠራው አልኩት። “እሺ፣ እናያለን።”

ምኑን ነው የምናየው?

እሑድ፣ ታኅሣሥ 19

ረጅሙ ሳምንት ሙሉ ጣቴ ላይ ዋለ። አንድም ጓንት አልቀደደም። ለፍሬሕይወት ጻፍኩላት። ረጅሙን ነው የምፈልገው፣ ማዕዘኑ የተቆረጠውን፣ አልኳት። መልካሙ ሲሰማ “ያ እኮ አያብለጨልጭም” አለ። ይሁን አልኩት። እንደመረጥኩ ቀረ።

ረቡዕ፣ ጥር 13

ቀስ ብዬ ልጻፈው። እንደሆነው።

ትናንት ከመልካሙ ጋር ወላጆቹ ዘንድ ሄድኩ። ከዱርቤቴ አንድ ሰዓት በእግር። የጥምቀት ማግሥት፣ ሚካኤል የሚገባበት ቀን ነው። እናቱ እማማ ሀብትነሽ ጉንጬን እያገላበጡ ሳሙኝ። አባቱ የደብሩ መሪጌታ ናቸው፣ መሪጌታ ክንፈሚካኤል፤ አገሩ ሁሉ የኔታ ነው የሚላቸው። ታቦቱ ገብቶ ቤት ስንመለስ ጠላ ቀረበ፣ ጨዋታው ደራ። አጠገቤ የታላቅ ወንድሙ ሕፃን ተኝቷል፤ ክርስትና ከተነሳ ሳምንት ያልሞላው።

የኔታ ጸናጽላቸውን ከከረጢቱ አወጡና አንዴ ነካ አደረጉት። “ስሚ ድምፁን። እንዲህ ያለ በዚህ አገር የለም። ደብረ ማርቆስ ከአንድ ካህን ነው ያገኘሁት፤ ሃያ ዓመት ሆነኝ” አሉና አቀበሉኝ። ገልበጥ አደረግሁት። ከእጀታው ውስጠኛ ጎን ሦስት ነጥብ አለ። ሦስት ጉልቻ መስሎ የተቀመጠ። ይህን ነጥብ ሕፃን ሆኜ ስንት ቀን አባዬ ጭን ላይ ተቀምጬ ሲመታው አይቻለሁ!

“ይህ እኮ የአባቴ እጅ ነው!” አልኩ። ደስ ብሎኝ። እንደ ልጅ ጮክ ብዬ።

የኔታ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

“አባትሽ ነጋዴ አይደለም እንዴ?” አሉ የኔታ።

መልካሙን አየሁት። መሬት መሬቱን ያያል።

“አንጥረኛ ነው የኔታ። ቡሬ። ይርሳው ይባላል።”

“እህ...” አሉ። “ከእሳት ጋር ነዋ የሚውለው።” ለስላሳ አድርገው ነው ያሉት። ሌላ ሰው ቢሰማ ምስጋና ይመስለው ነበር። ጸናጽሉን ከእጄ ተቀበሉ፣ በነጠላቸው ጫፍ እጀታውን ጠረጉ።

እማማ ሀብትነሽ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱና ጎንበስ ብለው የሕፃኑን ፊት ሸፈኑት። ከእኔ ዓይን።

በዚህ እጄ ስንት ሕፃን ተቀበልኩ? ስንቱን እትብት ቋጠርኩ፣ የስንቱን አፍና አፍንጫ ጠርጌ ትንፋሹን ጠበቅሁ? እናቶቹ የማን ልጅ መሆኔን ቢያውቁ ኖሮ እነሱም ይሸፍኑብኝ ነበር?

መልካሙ እስከ ዱርቤቴ ሸኘኝ።  ሚኒባሱ ሲነሳ በመስኮቱ “አስረዳሻለሁ” አለኝ።

አላለቀስኩም። እስከ ዳንግላ ጥርሴን ነክሼ፣ ከዳንግላ ወዲህ ደግሞ ምን እንደማደርግ እያሰብኩ መጣሁ።

እሑድ፣ ጥር 17

መልካሙ መጣ። ጤና ጣቢያው ግቢ ዛፉ ሥር ተቀመጥን።

“ነጋዴ ናቸው አልኳቸው። ወርቅ ይሸጡ የለ? ውሸት አይደለም እኮ።”

“ሽማግሌው አጎቴ ቤት ይምጣ ያልከው ለዚህ ነበር?”

“አዎ።”

“ባሕር ዳር እናሳስረው ያልከውስ?”

“አዎ።” ቀና ብሎ አየኝ። “እነሱ እንደሚሉት አላምንም ትሕትና። አንድ ቀን አምኜ አላውቅም። ግን እናቴን አውቃታለሁ። አንዴ ተጋብተን ልጅ ከወለድን በኋላ ቢሰሙ ምን ያደርጋሉ ብዬ ነው።”

“አባቴንስ እስከዚያ የት ልትደብቀው ነበር?”



ሽማግሌው ቡሬ ይሄዳል አልኩት። የቆርቆሮዋን ክፍል በዓይኑ አይቶ ይገባል። ቀለበቱን አባዬ ይሠራዋል፤ ቤተሰብህ ማን እንደሠራው አውቆ ያየዋል። ካልሆነ ይቅር።

“ይቅር ስትይ... ቀለበቱ?”

“ቀለበቱም፣ እኛም።”

ይህን ብዬ ከዛፉ ሥር ተነሳሁ። 

ከሄደ በኋላ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ማንም ስለማያነበው ልጻፈው። ነርሲንግ ልማር ስመዘገብ ፎርሙ ላይ የአባት ሥራ የሚል መስመር ነበረ። ምን ጻፍኩ? ነጋዴ። አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ከጎኔ የቆመችው ልጅ እንዳታይ በእጄ ጋርጄ። መልካሙን በምን አፌ ነው የተቆጣሁት?

ቢሆንም ያልኩትን አልመልስም። እንዲያውም ለዚህ ነው የማልመልሰው።

እሑድ፣ ጥር 24

ፍሬሕይወት ደወለች። መልካሙ ሁሉንም ነግሯታል። እኔ ቀድሜ “ድንጋዩን አትላኪው፣ ነገሩ የሚሆን አይመስለኝም” አልኳት።

 የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ።

“ትሕትዬ፣ እኔ ዱባይ ስመጣ ወርቅ ቤት የገባሁ ይመስልሻል? ሰው ቤት ነው የሠራሁት። አራት ዓመት። የእኔ ብርጭቆ ለብቻው ነበር፤ ሌላ ሰው በስህተት እንዳይጠጣበት ቀይ ክር አስረውበት። ልጃቸውን አዝዬ አሳድጋለሁ፣ ውኃ የምጠጣው ግን በቀይ ክሩ ነው። ለእማዬ ነግሬያት አላውቅም። ልጄ ዱባይ ወርቅ ትሸጣለች እያለች ነው የምትኮራው።”

“ለእኔ ለምን ነገርሽኝ?”

“ሕፃኑን ሸፈነችው ሲለኝ... የእኔ እናት ናት ያንን ያደረገችው?” አለች።  “ድንጋዩ ይመጣል። ያንቺ ነው። ወንድሜን አግቢው አታግቢው፣ አባትሽ ይሥሩት።”

እሑድ፣ የካቲት 8
ቡሬ

መልካሙ ሽማግሌ ላከ! ግን ያሰብኩት አይደለም።

ከዘመዶቹ እሺ የሚል ሲያጣ ከሥራ ቦታው ሦስት ሰው ለምኖ አመጣ። አፈ ጉባኤያቸው አቶ ላቀው፣ የግድቡ ዘበኛ፤ ሽበታም፣ ጨዋታ አዋቂ ሰውዬ። እኔ ጓዳ ሆኜ በመጋረጃው እሰማለሁ። 

ሥርዓቱን አሳምረው ተናገሩ። አባዬ እስኪጨርሱ ዝም ብሎ ሰማና አንድ ጥያቄ ጠየቀ።

“የልጁ አባት በሕይወት አሉ?”

“አሉ።”

“እዚህ መምጣታችሁን ያውቃሉ?”

ዝም።

“እንግዲያው እንዳልመጣችሁ ቁጠሩት” አለ አባዬ። “እኔ ከሰው አባት ጀርባ ሆኜ ልጅ አልሰጥም። እሳቸው ይምጡ። ካልመጡም ቂም አልይዝም። አሁን ምሳ ብሉ፤ ሩቅ አገር ነው የመጣችሁት።”

በሉ። አቶ ላቀው እየጎረሱ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ከወጡ በኋላ ጮህኩበት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቴ ላይ ጮህኩ። “እሱ ስንት ተሟግቶ ነው የላካቸው! ለሚንቁህ ሰዎች ነው የምትጨነቀው?”

ወናፉን እያስተካከለ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ነው የመለሰልኝ። “ሰው ይበላሉ ነው የሚሉን። ልጃቸውን ተደብቄ ብወስድባቸው ያሉትን ሆንኩላቸው ማለት ነው። አልሆንላቸውም።”

ግትርነቴን ከማን እንዳመጣሁት ዛሬ ገባኝ።

ረቡዕ፣ የካቲት 25

ጾሙ ከገባ አሥር ቀን። ከመልካሙ አንድ ስልክ ብቻ፤ “በየሳምንቱ እሑድ አባቴ ዘንድ እየሄድኩ ነው። ደጁ ላይ እቀመጣለሁ። አያናግረኝም። ግን እሄዳለሁ።” ሂድ አልኩት።

ዛሬ መንታ ወለደች አንዷ። ሁለቱም ደህና።

ረቡዕ፣ መጋቢት 9

ጠዋት ተረኛ ነበርኩ። አምለሰት መጥታ “አንዲት ባልቴት ይፈልጉሻል” አለችኝ። ወጣሁ። እማማ ሀብትነሽ! ብቻቸውን፣ አቧራ ለብሰው፣ ነፍሰ ጡሮቹ መሐል አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ምን ሆኑ? አመማቸው? ሮጥኩ።

“ደህና ነኝ። ተቀመጪ” አሉኝ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።  ከእኔ ይልቅ መሬቱን እያዩ፣

“ልጄ ደወለች” አሉ። “ፍሬ። ስለ ብርጭቆው ነገረችኝ።”

ወደ እሳቸው ጠጋ አልኩ።

“አራት ዓመት ሙሉ... የኔ ልጅ። የወለድኳት። ክር አስረውባት። እኔ እዚህ በአገር ምድሩ ስኮራባት።” በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። “ሰዎቹን ረገምኳቸው። እንዴት ያሉ አረመኔዎች ናቸው አልኳት። እሷ ምን አለችኝ መሰለሽ? ‘እማዬ፣ አንቺስ?’ አለችኝ። ይህንኑ ብቻ። ዘጋችብኝ።”

ከውስጥ አንዷ እያማጠች ትጣራለች። መነሳት ነበረብኝ። አልተነሳሁም።

“ያን ቀን ሕፃኑን ሸፈንኩት” አሉ።

“አይቻለሁ እማማ።”

“እናቴም ስትሸፍን ነው ያየሁት። እናቷም እንደዚያው። ለምን ብዬ አስቤው አላውቅም።” እጄን ያዙ። የሳሙናውን ስንጥቅ አዩት። “በዚህ እጅሽ ነው የምታዋልጃቸው?”

“በዚሁ ነው።”

ጎንበስ ብለው ሳሙት። ስንጥቁን። ልከለክላቸው ብፈልግም ቀደሙኝ።

“የኔታን ለእኔ ተይልኝ። አንገቱ ደንዳና ነው፤ እኔ ግን አርባ ዓመት አውቀዋለሁ” ብለው ተነሱ። ሻይ ጠጡ ብላቸው እምቢ አሉ፤ “ጾም ነው፣ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አልቀምስም።”

ይቅር አልኳቸው? እንጃ... ያ ነጠላ አሁንም ይታየኛል። ግን ያን ሁሉ መንገድ ብቻቸውን መጥተዋል። ያም ይታየኛል።

እሑድ፣ መጋቢት 20
ቡሬ

ድንጋዩ ከዱባይ በመጣች ልጅ እጅ ደረሰ። በትንሽ ወረቀት ተጠቅልሎ። እውነትም ከምስር ክክ ያንሳል። መዳፌ ላይ አድርጌ ወደ ፀሐይ ሳዘነብለው ውስጡ ደረጃዎቹ አንድ በአንድ በሩና ጠፉ።

አባዬ ቀኑን ሙሉ አልነካውም። አየው። አስቀመጠው። እጁን ታጠበ። እንደገና አየው። “እሳት እንዳልፈራሁ ይቺን ፈራኋት” አለኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ በበሩ ስትገባ፣ የእማዬን የአንገት ወርቅ ከሳጥን አወጣ። “ከዚህ ነው የምሠራው” አለ። አልተከራከርኩም።

ወርቁን ድንጋዩ ዙሪያ ሲያጥፍ ትንፋሹን ይዞ ነበር፤ እኔም። አንዴ መሣሪያው ሸተት ሲልበት ሁለታችንም ዓይናችንን ጨፈንን። ድንጋዩ ግን አለ። ጨርሶ ጣቱን በዙሪያው አሳለፈ፣ የሚይዝ ነገር እንዳለ ሊያይ። ከዚያ የእኔን ጣት ወስዶ አሳለፈው። ልስልስ።

ሽማግሌ የለም። ቃል የለም። ቀለበቱ ግን አለቀ። አባዬ ሳጥን ውስጥ ከተተው። “መጡም አልመጡም ያንቺ ነው” አለኝ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 18
ዳግማ ትንሣኤ፣ ቡሬ

መጡ።

የኔታ ራሳቸው፣ ከሁለት ቄሶችና ከአቶ ላቀው ጋር። ቃል ያወጡት አቶ ላቀው ናቸው። የኔታ ከጥጉ ወንበር ላይ መቋሚያቸውን ተደግፈው አንድ ነገር ሳይናገሩ ጨረሱ። አባዬ ሰጠ። ቀለበቱ በሚመጣው እሑድ ይሁን ተባለ። ጠላ ሲቀርብ የኔታ “ሆዴን አሞኛል” ብለው ብርጭቆውን አልነኩም። አየሁ። አባዬም አየ።

ሲወጡ ግን ወደ መንገዱ አልሄዱም። በጓሮ ዞሩና የቆርቆሮዋ ክፍል በር ላይ ቆሙ። ወናፉን፣ መዶሻዎቹን፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ያላለቀ የእጅ መስቀል... ረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ሄዱ።

ምን አሰቡ? መልካሙም አያውቅም።

እሑድ፣ ሚያዝያ 25
ቡሬ

ቀለበቴ ጣቴ ላይ ነው። እየጻፍኩ አየዋለሁ።

ሁሉም አልመጣም። የመልካሙ ታላቅ ወንድም ቀርቷል። ከአገራቸው ከመጡትም ሦስቱ ሳይበሉ ሄዱ፤ ምክንያታቸውን ማንም አልጠየቃቸውም። እማማ ሀብትነሽ ግን ከጠዋት ጀምሮ ከአምለሰት ጋር ጓዳ ነበሩ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ደቅነው ፍሬሕይወትን እልል ያሰኙልኝም እሳቸው ናቸው።

ሰዓቱ ሲደርስ ሁለቱ ቀለበቶች በሳህን ለየኔታ ቀረቡ፣ እንዲባርኩ። የእኔን አነሱት። ወደ ብርሃኑ አዘነበሉት። ማዕዘኑን አዩ፣ ዙሪያውን በጣታቸው ዳሰሱ። ጸሎቱን ይጀምራሉ ስንል፣

“ይህን የሠራው ማነው?” አሉ።

 የማያውቅ ሰው የለም እኮ!  መልካሙ ሊነሳ ሲል ጉልበቱን ያዝኩት። ይህን የሚመልሰው እሱ አይደለም። እኔም አይደለሁም።

አባዬ በሩ አጠገብ፣ ከሰው ሁሉ ኋላ ነበር የተቀመጠው። ሁልጊዜ እዚያ ነው የሚቀመጠው፣ የሰው ሠርግ ቤትም፣ ለቅሶ ቤትም። ጋቢውን ሰብስቦ ተነሳ።

“እኔ ነኝ” አለ። “ይርሳው። አንጥረኛው።”

የኔታ ተነሱ። ሳህኑን ለመልካሙ ሰጡ። በሰው መሐል አልፈው አባዬ ፊት ደረሱ።

“እርስዎ ነዎት?” አሉ።

አባቴ ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ቡሬ ውስጥ ሽበቱን አይቶ አንቱ የሚለው ሰው እስከ ዛሬ አልነበረም። ልጅ እግሩ ሁሉ፣ ይርሳው ና፣ ይርሳው ሂድ ነው። ሌላ ሰው የተጠራ መስሎት ዘወር ብሎ ከኋላው ማን እንዳለ አየ።

“እስከ ዛሬ አላወቅሁዎትም” አሉ የኔታ፣ ሁሉም እንዲሰማ። ከዚያ ጥምጥማቸው ጎንበስ አለ። “ይፍቱኝ።”

ይህን ቃል እኛ ነን ለካህናቱ የምንለው። የሚመለሰውን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። አባዬ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፋው። በመጨረሻ አንዱን አንስቶ የኔታ ትከሻ ላይ አኖረው፤

“እግዜር ይፍታዎ” አለ።